እሬቱን ተዉት፣ ዘሩን ውሰዱ

ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። የቸኮለ ሰው ላይክ አድርጎ ይለፍ፣ አልቀየምም።

ባለፈው ሳምንት በረንዳዬ ላይ በቀለም ጣሳ የደረደርኳቸውን የእሬት ችግኞች ፎቶ ለጥፌ ነበር። ብዙ ሰው ወደደው። ከኮሜንቶቹ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነቶቹ ከአእምሮዬ አልወጣ አሉ። አንደኛው «ቲቸር፣ በዚህ ኑሮ አበባ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የት ይሸጣል? ትልልቁ ስንት ነው?» የሚል ነው፤ በውስጥ መስመር ብቻ 11 ሰው ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ትንሽ አናደደኝ። ሁለተኛው ግን አስፈራኝ። ለምን እንዳስፈራኝ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የኑሮውን ነገር እንጨርሰው። ደሞዜን ታውቁታላችሁ፤ የመምህር ደሞዝ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። በዲፕሎማ የሚያስተምር ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። (ዲግሪዬን በክረምት እየተማርኩ ነው፣ አንድ ቀን ያልቃል።) ግን አበባዬ ምን ወጪ አለው? ጣሳው ከቀለም ቀቢ ጎረቤቴ ነው። የዘይት ጀሪካኑ ከሠርግ ቤት ነው። ፍጉ ከአከራዬ ላሞች ነው። ለመንገድ የሚያለብሱት ሬድ አሽ፣ ያ ቀዩ ቀላል ድንጋይ፣ ከግንባታ ቦታ የተረፈ ነው፤ ዘበኛውን ጠይቄ በከረጢት ተሸክሜ ነው ያመጣሁት። ዘሩና ቅንጣቢው ከሰው ነው። በዓመት የማወጣው ተደምሮ የአንድ ወር የማኪያቶ ሂሳብ አይሞላም። እሱንም ማኪያቶ ከተውኩ ቆየሁ።

ከኑሮ ጋር የሚያጣላው የተገዛ አበባ ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት የሥራ ባልደረባችን ስጦታ አዋጥተን ያበበ ቤጎኒያ በ350 ብር ገዛን። ቆንጆ ነበር፣ ሁላችንም ከጎኑ ፎቶ ተነሳን። ሦስት ሳምንት አልቆየም። ጥፋቱ የእሷም አልነበረም፤ ግሪን ሃውስ ውስጥ ተሞቆ ያደገ ተክል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደብረ ብርሃን አምጥተህ መስኮት ላይ ብታስቀምጠው ምን ይሁን? ከችግኝ ያሳደግኸው ግን ብርድህን ከአንተ ጋር ነው የሚለምደው። ቅጠሉ ያነሰ፣ ግንዱ ያጠረ፣ ለፎቶ እምብዛም ያልሆነ ሊሆን ይችላል። ግን በሚቀጥለው ዓመትም አለ። በድሃ አቅም አበባ መያዝ የሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ ይሄ ነው፤ ከትንሹ መጀመርና መጠበቅ።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጽጌረዳ በአውሮፕላን እየጫነች ኔዘርላንድ የምትልክ ሀገር ውስጥ ሆነን፣ ሳሎናችን ቴሌቪዥን ላይ ያለው አበባ ፕላስቲክ ነው። አቧራው በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ያን ጨርቅ የያዘች እጅ አንድ ጣሳ ውሃ ማጠጣት አያቅታትም።

እኔ የጀመርኩት መጋቢት 2012 ላይ ነው። ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘግቶ ቤት ውስጥ ግድግዳ እያየሁ ነበር። አጥር ሥር የተሰበረ የእንዳሁላ ቅርንጫፍ ወድቆ አገኘሁና፣ እንዲሁ አንስቼ መስኮት ላይ አኖርኩት። ረሳሁት። በሳምንቱ ሳየው፣ አፈርም ውሃም ሳያገኝ፣ ከተሰበረበት አጠገብ ነጭ ክር የመሰለ ሥር አውጥቷል። የዕፅዋት ሳይንስ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ስለ ቅንጣቢ ማባዛት ለፈተና ሸምድጄ አልፌያለሁ። በዓይኔ ሳየው ግን እንደ ሕፃን ነው የጮህኩት። አከራዬ እትዬ (ስማቸውን አልጠራም፣ ፌስቡክ አይወዱም) «ምን ሆንክ ልጄ?» ብለው ሮጠው መጡ። ሳሳያቸው ፈገግ አሉና «ይሄማ እንዳሁላ ነው፤ ብትጥለውም አይሞትም» ብለው ተመለሱ።

እሳቸው ጣሳዎቹን መጀመሪያ አልወደዱም። ውሃው ግድግዳ ያበላሻል፣ ትንኝ ያመጣል፣ ተከራይ ሲወጣ ጥሎት ይሄዳል። ሦስቱም ስጋት እውነት አለው፤ ተከራይ ለሆናችሁ ሁሉ የምለው፣ ከጣሳ ሥር ሰሃን አድርጉ፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁ፣ መጀመሪያ ግን ለአከራያችሁ አንድ ጄራንየም አብቅሉላቸው። እኔን ያስታረቀኝ ጄራንየሙ ነው። አሁን እንግዳ ሲመጣ «የኔ አበባ» ብለው የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው።

ሰኩለንት ስለሚባሉት፣ ውሃ በቅጠላቸው ስለሚያጠራቅሙት ተክሎች፣ ከስህተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የሚገድላቸው ጥማት አይደለም፣ ፍቅር ነው። ማለቴ ውሃ። ሰው የሚወደውን ነገር በየቀኑ ያጠጣል። እነሱ ደግሞ ሥራቸው ረጥቦ ሲቆይ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲለሰልስ «ጠምቶት ነው» ብለን እንጨምርለታለን፣ አለቀ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ ደርቆ ካልሆነ አታጠጡ። አፈሩን እኔ ግማሹን ሬድ አሽ አደርገዋለሁ፣ ቀሪውን አፈርና በደንብ የበሰለ ፍግ። የጣሳው ሥር በሚስማር አራት አምስት ቦታ ይበሳ። ቅንጣቢ ስትቆርጡ ወዲያው አትትከሉ፤ ጥላ ላይ አስቀምጡት፣ ቁስሉ ደርቆ ቅርፊት ይያዝ። ለቀጭኑ ሦስት ቀን፣ ለወፍራሙ ሳምንት ይበቃል።

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ውሃ ሳያገኙ እንዴት አይደርቁም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፤ ያኔ በደንብ ያልመለስኩለት ስለመሰለኝ እዚህ ልመልስለት። አብዛኛው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ በዚያው ውሃው ይተናል። እንደ እንዳሁላና እሬት ያሉት ግን ቀን ዘግተው ሌሊት ነው የሚከፍቱት። ያስገቡትን በአሲድ መልክ አስቀምጠው ያድሩና ቀን በፀሐይ ይሠሩበታል። ይህ አሠራር ስሙን ያገኘው እንዳሁላ ከሚገኝበት ቤተሰብ፣ ከክራሱላሲ ነው። አጥራችን ሥር ያለ ተክል በዓለም መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ዘመድ አለው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ብዬ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተኛ።

እነዚህ ተክሎች ምን ያህል እንደሚችሉ ያየሁት ኅዳር 2014 ላይ ነው። ያኔ ከተማችን ምን እንደነበረች የነበራችሁ ታውቃላችሁ፣ አልዘረዝረውም። እኔም አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሄድኩ። ጣሳዎቹን ማን ያስታውሳል? ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቼ ስመለስ ጄራንየሞቹ እንደ ገለባ ደርቀዋል። እንዳሁላውና እሬቶቹ ትንሽ ተጨማደው፣ ቀላ ብለው፣ ቆመዋል። በሩን ከፍቼ ያየሁት የመጀመሪያው ሕይወት ያለው ነገር እነሱ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ «አበባ ቅንጦት ነው» የሚለኝ ሰው ጋር መከራከር ትቻለሁ። ዛሬ ብቻ ነው የተመለስኩበት።

አሁን ወዳስፈራኝ ነገር።

እነዚያ የቆሙት እሬቶች ከዘር ያበቀልኳቸው አልነበሩም። 2013 ላይ የትምህርት ቤቱን የአካባቢ ክበብ ተማሪዎች ይዤ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ገደላማ ቦታ ሄድን። ድንጋዩ መሀል እሬት ሞልቷል። ግቢያችንን እናስውብ ብዬ ዶማ አስይዤያቸው ነበር። ሰባት አስነቀልኩ። እንዴት ሥሩን ሳይበጥሱ እንደሚነቅሉ፣ አፈሩን እንዴት እንደሚያራግፉ በተግባር አሳየኋቸው። አራቱን ትምህርት ቤቱ ግቢ ተከልን፣ ሦስቱን እኔ ቤት ወሰድኩ። ግቢ ከተተከሉት ሁለቱ ክረምቱ ላይ ውሃ ተኝቶባቸው በሰበሱ። እኔ ግን ሪፖርቴ ላይ «አራት ሀገር በቀል ተክል ተተክሏል» ብዬ ጻፍኩ። የተነቀለውን የሚሞላበት ሳጥን ፎርሙ ላይ አልነበረም።

አምና ወደ አዲስ አበባ ስሄድ መንገድ ዳር ጣሳና ፌስታል ተደርድሮ አየሁ። ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ሻጩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፣ ያኔ ዶማ ከያዙት አንዱ። ደስ ብሎት ተነሳ።

«ቲቸር! እንኳን መጡ። ለእርስዎ በነጻ ነው፣ ይምረጡ!»

ትልልቅ እሬቶች ናቸው። አንዳንዱ ዕድሜው ከልጁ የሚስተካከል ነው።

«ከየት ነው የምታመጣው?» አልኩት።

«እርስዎ ያሳዩን ቦታ ነዋ!»

በኩራት ነው የነገረኝ። እኔ ሚኒባሱ ጥሎኝ እንዳይሄድ የቸኮልኩ መስዬ ተለየሁት።

በሳምንቱ ቦታው ድረስ ሄድኩ። መንገዱ አጠገብ ያለው ጎን ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል፤ ዝናቡ በጉድጓዶቹ አፈሩን ይዞ መውረድ ጀምሯል። ከላይ፣ ዶማ ይዞ መውጣት የማይመችበት ቦታ ላይ፣ የተረፉት አሉ። አንዱ ብቻውን ቀርቶ አብቧል። የዚህ ብቻውን የቀረ ነገር ነው እስካሁን የሚከነክነኝ፤ ምክንያቱም አብዛኛው እሬት በራሱ ብናኝ ዘር አይቋጥርም። ከሌላ እሬት ብናኝ መምጣት አለበት፣ ብናኙን የሚያመላልሱት ደግሞ ንቦችና እነዚያ ምንቃራቸው የታጠፈ ትንንሽ ወፎች ናቸው። (ከነሱ አንዷ በሳይንስ ስሟ የተከዜን ወንዝ ስም ይዛለች።) ሁሉም ጎረቤቶቹ ተነቅለው ሲሸጡ አንዱን «ለዘር ይሁን» ብሎ መተው ለኅሊና እንጂ ለእሬቱ አይጠቅመውም።

እናቶቻችን ጡት ለማስጣል የሚቀቡትን፣ ለቁስል የሚያደርጉትን ስለምናውቅ እሬት አንድ ነገር ይመስለናል። አይደለም። በሀገራችን ከ40 በላይ ዓይነት እሬት አለ፤ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይበቅሉም። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ኢንገር ኖርዳል ከምትባል የኖርዌይ ተመራማሪ ጋር ሆነው ስለነዚህ ተክሎች ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። የኛን ደጋ የሚወደው አንዱ አሎ ደብራና ይባላል፣ ስሙ ውስጥ «ደብር» አለ። ሳሙናና ቅባት ላይ የምናየው አሎ ቬራ ግን መነሻው የአረብ ምድር ነው እንጂ የኛ አይደለም። ሳይተስ የሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የእሬት ዓይነቶችን በሙሉ ሲዘረዝር ከቁጥጥር የወጣው ይሄው አሎ ቬራ ብቻ ነው። ስምምነቱ ግን ድንበር ለሚሻገር ነው። ከመንገድ ዳር እስከ ሳሎናችን ያለውን የሚቆጣጠረው ገዢው ነው፣ እናንተና እኔ።

ለዚህ ነው «ትልልቁ ስንት ነው?» ሲባል የሚያስፈራኝ። ትልቅ እሬት በጣሳ አያድግም ማለቴ አይደለም፣ ያድጋል። ግን ከዘር እስከ አበባ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ መንገድ ዳር በትንሽ ገንዘብ የሚሸጥ ትልቅ እሬት ማንም አራት ዓመት አላጠጣውም። መለየት ከባድ አይደለም። ግንዱን ነካ አድርጉት፤ ከተወዛወዘ ሥር አልያዘም፣ ከሰሞኑ የተነቀለ ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች በድንጋይ ከተቧጨሩ፣ ጫፋቸው ተሰብሮ ከደረቀ፣ አፈሩ ደግሞ አዲስ ከሆነ፣ ያው ነው። ጣሳ ውስጥ ያደገ እሬት ጣሳውን ገልብጣችሁ ብታዩ ሥሩ በቀዳዳው ብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ልጁን ተመልሼ አናገርኩት። ልቆጣው ነበር የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር። ግን በምን አፌ? ቁጭ ብለን ሻይ ጠጣንና መጀመሪያ የራሴን ተናገርኩ፤ ያኔ ያሳየኋችሁ ነገር ስህተት ነበር አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እሺ ቲቸር፣ ዘር ልዝራ። እስኪያድግ እኔ ምን እበላለሁ?» አለ። እናትና ሁለት ታናናሽ እህቶች አሉት። 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ካላለፉት አንዱ ነው፤ የዚያን ዓመት ስንቶች እንዳለፉ ደግሞ እኔ ለእሱ የምነግረው አይደለም።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ብሎ ፖስት ማድረግ ደሞዝ ላለው ሰው ቀላል ነው፣ ትንሽም ብትሆን ደሞዝ። የተስማማነው እንዲህ ነው። እንዳሁላ፣ ጄራንየምና ሌሎች ከቅንጣቢ የሚባዙትን በብዛት ያሳድጋል፤ እነሱ በሦስት አራት ወር ለሽያጭ ይደርሳሉ። እሬቶቹን ካስቀራቸው ትልልቆች ሥር የሚወጡትን ልጆች እየነጠለ ይተክላል። የዘሩን ሥራ ደግሞ እኔ ቤት እንጀምራለን፤ ዘሩን ከገደሉ አብረን ሄደን እንለቅማለን፣ ከአንዱ ተክል ሁሉንም ሳንጨርስ።

የእሬት ፍሬ ሲደርቅ በሦስት ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ስስ ክንፍ ያለው ጥቁር ዘር አለ። ነፋስ ሳይወስደው መድረስ ነው። የመጀመሪያዎቹን 60 ችግኞች በራሴ ጥፋት ጨረስኳቸው። በተቆረጠ ሃይላንድ ከድኜ አየር ሳልሰጥ ተውኳቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት ሣር መስለው የወጡት ሁሉ አንገታቸው ላይ ቀጥነው ጠቁረው በአንድ ሌሊት ተኙ። ፈንገስ ነው። በሁለተኛው ዙር አፈሩን በፈላ ውሃ አረስርሼ አቀዘቀዝኩት፣ የሃይላንዱን ክዳን ከፈትኩት፣ ውሃውን ከላይ ማፍሰስ ትቼ ጣሳውን ሰሃን ላይ አስቀምጬ ከሥር እንዲስብ አደረግሁ። ከ90ው ዘር 71 ወጣ። በየቀኑ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት እቆጥራቸው ነበር፣ አትሳቁብኝ።

ግማሹን ለልጁ ሰጠሁት። ታኅሣሥ መጣ። ደብረ ብርሃን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ምሽት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገበሬውን ጠይቁ፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው። አንድ ማታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። «ቲቸር፣ ዛሬ ውርጭ ሊጥል ነው መሰለኝ፣ ምን ላልብሳቸው?» ማዳበሪያ ከረጢት አልኩት፣ ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት አቁመህ፣ ጣሳዎቹንም ቀን ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ሥር አስጠጋቸው። ከ35ቱ 11 ሞቱበት። የኔም 8 ሞቱ። ትምህርት ቤት ግቢ የተከልነው የዚያ ክረምት ችግኝ ግን ስንቱ እንደሞተ የሚያውቅ የለም፤ ማንም አልደወለም፣ ማንም አልቆጠረም። በየክረምቱ በወጣን ቁጥር ስንት እንደተከልን እንናገራለን። እኔ ዘንድሮ በክፍሌ የቀየርኩት እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ ጥቅምት ላይ አንድ ችግኝ በጣሳ ይወስዳል፣ ሰኔ ላይ በሕይወት ይዞ ከመጣ ከ100 ውስጥ 10ሩን ያገኛል። የሞተበትም ለምን እንደሞተ በትክክል ካስረዳ 7 አለው። አንዱ ሞቶበት ከገበያ ተመሳሳዩን ገዝቶ መጣ፤ ችግኞቹ ሥር ምልክት እንዳደረግሁ አላወቀም ነበር።

ልጁ መንገድ ዳር ያለውን ነገር ትቷል ብላችሁ ሐቅ አይሆንም። ባለፈው ሳልፍ አሁንም ከፊት ሁለት ትልልቅ እሬቶች አሉ። ሳያቸው አየኝና አንገቱን ደፋ። እኔም አልተናገርኩም፤ በዓል ደርሶ ነበር። ግን ከኋላ፣ ጥላው ሥር፣ በጣሳና በተቆረጠ ጀሪካን የተደረደሩት በዝተዋል። አምና የነበሩት ሃያ የማይሞሉ ነበሩ፣ አሁን ቆጥሬ አልጨረስኳቸውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። የእንዳሁላና የጄራንየም ቅንጣቢ የምትፈልጉ ጣሳችሁን በሚስማር በስታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በነጻ ነው፤ እትዬ ቡና ያፈላሉ ብዬ ቃል ባልገባም ሽታው አይቀርም። የአደይ አበባ ዘርም ጥቅምት ማብቂያ ላይ የለቀምኩት አለ፣ ክረምቱ ሲገባ የምትዘሩት። የእሬት ችግኝ ግን ዘንድሮ አልሰጥም፣ ይሄን ብርድ ይለፉ። መግዛት ለምትፈልጉ የልጁን ቦታ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ ከፊት ያሉትን አትጠይቁት። «ከኋላ ያሉት ትንንሾቹ ስንት ናቸው?» በሉት።